ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

(በማርች 8 በዓል ዕለት ጮሌ ላይ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ፣ ከመሥራች አባሎቻችን አንዷ የሆኑት ጡረተኛ መምህርት ያደረጉት ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሴቶች ቀን አጠር ያለች ነገር በይልን» ብላኝ ነበር። አጠር አደርጋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆማ የኖረች ሴት ቃሏን ብታፈርስ ግን አትፍረዱባት።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ከገበያው በላይ ስለሠራነው ቤት ነው። ጣሪያው አልቋል፤ ግድግዳው ተለስኗል፤ የቀረው የበር ቁልፍ መግዛት ነው። ጧሪ ቀባሪ ያጡ ስድስት እናቶች ይገቡበታል። ስንት ዓመት በየወሩ እያዋጣን፣ እናንተም እየላካችሁልን እዚህ ደርሰናል። ደስታዬ ከማንም አያንስም። ነገር ግን ቁልፉ ከመገዛቱ በፊት ልንነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የሚሆነውን ማን ያያል የሚለው ነው።

ከሩቅ ልጀምር። በ2004 ዓ.ም. ልክ በዛሬው ቀን፣ የካቲት 29፣ ኤል.ቢ.ሲ.አይ. የተባለ የሊባኖስ ቴሌቪዥን አንድ ቪዲዮ አሳየ። አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ቤይሩት፣ ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ፣ አንድ ሰው አንዲት ኢትዮጵያዊት ሲደበድብና እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲያስገባ። ዓለም ደቻሳ ነበረች። ከቡራዩ የሄደች፣ የሁለት ልጆች እናት። ቪዲዮው የተቀረጸው የካቲት 16 ነው፤ የቀረጸው ማንነቱ ያልታወቀ መንገደኛ ነው። ጣቢያው ደብዳቢውን አጣርቶ ደረሰበት፤ ሠራተኛ የሚያስመጣው ኤጀንሲ ባለቤት ወንድም ሆኖ ተገኘ። ሰውየውም በቴሌቪዥን ቀርቦ «የአእምሮ ችግር ስላለባት ወደ አገሯ ልንመልሳት ነበር» አለ።

ድብደባው የደረሰባት ቀን ፖሊስ መጥቶ ነበር። የያዘው ግን እሷን ነው። ወደ ማቆያ ወሰዷት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ዴር ኤል ሳሊብ ወደሚባል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አዛወሯት። እዚያው እያለች፣ ቪዲዮው ለሕዝብ በታየ በስድስተኛው ቀን፣ መጋቢት 5 ማለዳ፣ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች።

ይህን ሁሉ የማነሣው ሆስፒታሉን ለመክሰስ አይደለም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። በእነዚያ ስድስት ቀናት ስለ እሷ ብዙ ጩኸት ነበር፤ ጋዜጣው ይጽፋል፣ የመብት ተሟጋቹ መግለጫ ያወጣል፣ እኛም እዚህ ቡና ላይ እናለቅሳለን። ካሜራው ግን መንገድ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በሩ ከተዘጋ በኋላ በቋንቋዋ «እንደምን አደርሽ?» የሚላት ነበር ወይ? «ልጆችሽ ደኅና ናቸው» ያላት ነበር ወይ? ሰውየው ተከሰሰ፤ ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ ይህም አይሆንም ነበር። እሷን ግን አላተረፋትም።

ከእሷ በፊት በነሐሴ 2003 ሸዊጋ ሙላህ ነበረች፤ ትሪፖሊ ውስጥ በጋዳፊ ልጅ ቤት ሞግዚት የነበረችው። የሲ.ኤን.ኤን. ጋዜጠኛ ዳን ሪቨርስ ባሕር ዳር ባለ ቪላ ውስጥ አገኛት፤ ራሷና ፊቷ በፈላ ውኃ ተቃጥሎ። እሷ ማልታ ተወስዳ ታክማለች። ከዚህ ታሪክ እኔ የማልረሳው አንድ የቤቱን ዘበኛ ነው። ጋዜጠኛው ሳይመጣ፣ ካሜራ ሳይኖር፣ ተደብቆ ሆስፒታል ወስዷት ነበር፤ ይህን በማድረጉም ዛቱበት። ጋዜጠኛ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት አንድ ዘበኛ፣ አንድ መንገደኛ፣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ያየችው ነገር መኖር አለበት።

እዚህ አርሲ ደግሞ ይህንን ከማንም መማር አያስፈልገንም። ሲንቄ አለን። እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር። ባል ሚስቱን በደለ፣ ይልቁንም አራስ ሚስቱን መታ ሲባል አንዲቱ ትጮኻለች፤ የሰማች ሁሉ ሥራዋን ጥላ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ምጣዱ ይስማ፣ ሊጡ ይቡካ፣ ጉዳይዋ አይደለም። ከበዳዩ ደጅ ተሰብስበው ካሣ ተቆርጦ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም። በዚያች በትር የተመታ ሰው የለም። ኃይሏ የቤቱን ጉድ ደጅ አውጥታ ለሰው ማሳየቷ ላይ ነው። የጋዜጠኛ ሥራ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ነገር ግን ሲንቄ የሚሠራው የተበደለችው መጮኽ ስትችል፣ ጎረቤትም ሲሰማ ነው። አልጋ ላይ የዋለች፣ አፏ የተያዘ፣ ዘመድ የሌላት ሴት በየት በኩል ትጮኻለች?

እ.ኤ.አ. በ1887 ኒው ዮርክ ውስጥ ኔሊ ብላይ በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ የ23 ዓመት ጋዜጠኛ ይህን ጥያቄ ባልተለመደ መንገድ መለሰችው። ኒው ዮርክ ወርልድ ለተባለው ጋዜጣ ብላ ራሷን እብድ አስመስላ፣ ሐኪሞችን አታልላ፣ ብላክዌልስ በተባለች ደሴት ላይ ወደሚገኘው የሴቶች የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ገባች። አሥር ቀን ቆየች። የተበላሸ ዳቦ፣ ብርድ፣ ብዙ ሴቶች ተራ በተራ የሚነከሩበት አንድ ገንዳ ቀዝቃዛ ውኃ፣ የሚመቱ አስታማሚዎች አየች። ከገባች በኋላ ማስመሰሏን ትታ እንደ ጤነኛ ሰው ብታወራም የሚሰማት አልነበረም። ከሁሉም ልቤን የነካችው እዚያ ያገኘቻት፣ ጀርመንኛ ብቻ የምትናገር ሴት ናት። ቋንቋዋን የሚሰማ ስለጠፋ ብቻ እንደ እብድ ተቆልፎባት ነበር። ዓለም ደቻሳን ያለ እሷ አላስታውሳትም።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የሕዝብ መርማሪዎች ጉብኝት ሲያደርጉ ኔሊ ብላይም አብራ ሄደች። ቦታው ተጠርጓል፤ ምግቡ ተሻሽሏል፤ ያነጋገረቻቸው ሴቶች አንዳንዶቹ ከዚያ ተነሥተዋል። እንግዳ እንደሚመጣ ተሰምቶ ነበራ! መርማሪዎቹ ግን እሷን አመኑ፤ ከተማውም ለእንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚመድበውን ገንዘብ ከፍ አደረገ። ይህችን የጉብኝቷን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን የራሴን ልናገር። እስከ ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ ተናግሬው አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ አትጠይቁኝ። አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ቀን ከአልጋቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አደርኩ። አስታማሚ ሆናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሽንት የሚደፋው አስታማሚ፣ የሚያጥበው አስታማሚ፣ መድኃኒት ሊገዛ ከተማ የሚሮጠው አስታማሚ። በሽተኛ አስታማሚ ካለው በሽተኛ ነው። ከሌለው አልጋ ቁጥር ነው።

አጠገባችን አንዲት እናት ነበሩ። ኦሮምኛ ብቻ ይናገራሉ፤ ከገጠር አምጥቶ የጣላቸው ሰው አልተመለሰም። ምግቡ ይመጣል፤ ኮመዲኖው ላይ ይቀመጣል፤ እጃቸው አይደርስበትም፤ ከሰዓት በኋላ እንዳለ ይነሣል። «ባለ 14ቷ አትበላም» ይባላል። እኔ ባየሁ ጊዜ አጎርሳቸው ነበር፤ ባላየሁ ጊዜ የለም። ጀርባቸው ቆስሎ ሽታው እኛ ጋ ይደርሳል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያገላብጣቸው ቢኖር ያ ቁስል አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ከአልጋ እንዳይወድቁ ተብሎ እጃቸው በነጠላቸው ከብረቱ ጋር ታስሮ አገኘሁት። በራሳቸው ነጠላ!

የአስተማሪ ነገር፣ ደብተር ነበረኝ። መጻፍ ጀመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንዳየሁ። «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ውኃ ጠየቁ፤ 6 ሰዓት ላይ ሰጠኋቸው።» እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ገጽ ሞላሁ። አንድ ሌሊት ተረኛዋ ነርስ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ደነገጥኩ። አጠገቤ ቁጭ አለችና «ይጻፉት እትዬ፤ እኛም እንዳንጽፍ ሆነን ነው እንጂ። ለዚህ ሁሉ አልጋ ዛሬ እኔና አንዲት ልጅ ብቻ ነን» አለችኝ። ዓይኗ ከድካም የተነሣ ቀልቷል። ስለዚህ ይህን ስናገር ነርስን ለመርገም እንዳይመስላችሁ። ጨካኝ አለ፤ ብዙው ግን የደከመ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱ በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ «ርህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ያደረገው ችግሩ ቢታወቀው ነው። መፈክሩ በየግድግዳው ተለጥፎ አይተናል። ከመፈክሩ ሥር ግን ሁለት ነርስ ለአንድ ሙሉ ክፍል ከሆነ ርኅራኄ ከየት ይመጣል?

አክስቴ ዳኑና ወጣን። እኚያ እናት አልወጡም። እኛ ከመውጣታችን ከሁለት ቀን በፊት ሌሊት አረፉ፤ ጠዋት አንሶላው ተቀየረ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ተኛበት። አሥራ አንዱ ገጽ በእጄ ነበር። ለሆስፒታሉ ኃላፊ ልሰጠው አሰብኩ፤ ነገ ደግሞ ተመልሰን መታከማችን አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ለሬዲዮ ልላከው አልኩ፤ ያቺን ነርስ ያባርሯታል ብዬ ተውኩት። ደብተሩ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ብልክ ኖሮ እኚያን እናት አያስነሣቸውም። ከእሳቸው በኋላ በዚያ አልጋ ላይ ለተኙት ግን ምን ይጠቅም እንደነበር እንጃ፣ አሁን ማን ይነግረኛል።

እንግዲህ ይህ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ እኛ ግን ደግ ሰዎች ነን፣ በበጎ ፈቃድ የተነሣን ማኅበር ነን ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ላይፍ ኤሲዲሜኒን እስካነብ ድረስ።

ነገሩ የሆነው ደቡብ አፍሪካ፣ ጋውቴንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው፤ ጆሐንስበርግ ያለበት። የክፍለ ሀገሩ ጤና ቢሮ ወጪ ለመቀነስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,700 የማያንሱ የአእምሮ ሕሙማንን ለረጅም ጊዜ ከኖሩበት ላይፍ ኤሲዲሜኒ ከተባለ ድርጅት አወጣና አብዛኞቹን ለበጎ አድራጎት ማኅበራት አከፋፈላቸው። ልብ በሉ፣ ለማኅበራት! እንደ እኛ ላሉ። አልጋ ያልነበራቸው ነበሩ፤ ምግብ ያልነበራቸው ነበሩ፤ ስለ ሕክምና የማያውቁ ነበሩ። ሰዎቹ በረሃብ፣ በብርድ፣ በውኃ ጥም አለቁ። ቤተሰብ «ልጄ የት ናት?» ሲል የሚመልስለት አጣ። በመስከረም ወር የጤና ቢሮዋ ኃላፊ በምክር ቤት ተጠይቀው የሞቱት 36 ናቸው አሉ። የጤና እንባ ጠባቂው ፕሮፌሰር ማሌጋፑሩ ማክጎባ በየካቲት 2017 ባወጡት ሪፖርት ቢያንስ 94 ሆኑ፤ 27ቱም ማኅበራት የሠሩት ሕጋዊ ባልሆነ ፈቃድ መሆኑንም ጻፉ። በዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ በተመራው የግልግል ችሎት መጨረሻ ላይ ቁጥሩ 144 ደረሰ። ከ36 ወደ 144።

ይህ ቁጥር በራሱ አልወጣም። እናቶችና እህቶች በየቢሮው እየዞሩ ስለ ጠየቁ፣ ጋዜጠኞችም አንድ ሰሞን ጽፈው ስላልተዉት ነው። እነዚያ ማኅበራት ሁሉ ክፉ ነበሩ ብዬ አላምንም። አንዳንዶቹ እንደኛው ቤት አገኘን፣ ድጋፍ አገኘን ብለው ደስ ብሏቸው የጀመሩ ናቸው። ጎናቸው ቆሞ «ይህ አልጋ የታለ? ይህች ሴት ዛሬ በላች ወይ?» የሚል ሰው አጡ።

ስለዚህ ወደ ቤታችን ልመለስ። ኮሚቴው እነዚህን ነገሮች ከመክፈቻው በፊት እንዲወስን እጠይቃለሁ።

ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ በአስተናጋጇ እጅ፣ አንዱ ከማኅበራችን ውጭ በሆነ ሰው እጅ፤ የጤና ጣቢያው ሰው ቢሆን፣ የእድር ዳኛ ቢሆን፣ ተነጋግረን። ያ ሰው በፈለገው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሳያንኳኳ ይግባ።

ደብተር ይኑር። ገጹ የተቆጠረ፣ የማይቀደድ። ማን በላ፣ ማን አልበላም፣ ማን ተገላበጠ፣ ማን ወደቀ። ሰው ከሞተ በዚያው ቀን ይጻፍ፤ ለወረዳውም ለእናንተም ይነገር። ደብተሩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ የማይስማማን ቢሆንም አይሰረዝ።

ለስድስት ሰው ሁለት አስተናጋጅ፣ አንዷ የግድ ኦሮምኛ የምትችል። አንዷ ቀን አንዷ ሌሊት። ገንዘቡ ለስድስት ካልበቃ ሦስት እናስገባ። ይህን ስል ደጋፊዎቻችን ፊታችሁን እንዳታጠቁሩብኝ እለምናለሁ፤ «ስድስት ብላችሁ ሦስት» ማለት ሪፖርት ላይ እንደማያምር አውቃለሁ። ስድስት አስገብቶ ሦስቱን ማስራብ ግን ሪፖርት ላይ እንኳ አይታይም።

ፎቶ። እዚህ ላይ ራሳችንንም ልውቀስ። ባለፈው እትማችን ላይ የአንዲት ያልለበሱ፣ የተጎሳቆሉ እናት ፎቶ አወጣን። ገንዘብ አመጣ፤ አዎ። እሳቸው ግን አልተጠየቁም። የዓለም ደቻሳ ልጆች አድገው የእናታቸውን የመጨረሻ ምስል ሲፈልጉ የሚያገኙት በፀጉሯ ስትጎተት ነው። ያ ቪዲዮ በደልን ለማጋለጥ የወጣ ነው፤ ሌላ መንገድም አልነበረም። የእኛ ግን ለልመና ነበር። በደል ያየ ይጻፍ፣ ይናገር፤ የታማሚዋን ፊት ግን ያለ ፈቃዷ አናውጣ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስትመጡ አትንገሩን። ዛሬ እንደምትመጡ ነገራችሁን፤ ጩኮ ተለወሰ፣ ግቢው ተጠረገ፣ ልጆች አበባ ይዘው ቆሙ። ደስ ብሎን ነው፤ ባህላችንም ነው። ኔሊ ብላይ ከመርማሪዎቹ ጋር ስትመለስ ያገኘችውን አስታውሱ። ወደዚያ ቤት ስትመጡ ግን ድንገት ኑ። ማክሰኞ፣ በዝናብ፣ ማንም በማይጠብቃችሁ ሰዓት። ጩኮውን ሌላ ቀን እናበላችኋለን።

ጋዜጠኛም ቢመጣ በሩ ይከፈትለት። ይህን ለኮሚቴው በግል ሳነሣ አንዷ እህታችን «ገመናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው? አንድ ክፉ ነገር ከተጻፈብን ማን ይረዳናል?» አለችኝ። ፍርሃቷ እውነት ነው፤ አላጣጥለውም። ያን ደብተር ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ይኸው ፍርሃት ነበር። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አድገናል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅን መብት አስቀምጧል፤ አዋጅ 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጠየቀው ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ሆስፒታሉን በዚህ ሕግ ልንጠይቅ የምንፈልግ ሰዎች የራሳችንን ቤት ልንዘጋ አንችልም። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሰዎች ተይዘው የሚገኙባቸውን ቦታዎች ሳያስታውቅ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። ጮሌ ያሉ ስድስት አልጋዎች ለኮሚሽኑ ትዝ እስኪሉት መጠበቅ ግን የእኛ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ለሌላቸው ሰዎች ከአባሎቻችን ሁለት ሁለት እየሆንን ተራ እንግባ ብዬ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለማጉረስ። ነርሶቹን ለመሰለል አይደለም፤ ለማገዝ ነው። ግን ዓይን ይዘን እንገባለን፤ ያየነውንም እንጽፋለን። አሰላ ለሚታከሙት መጓጓዣው ውድ ነው፤ እሱን ከደጋፊዎቻችን ጋር እንነጋገርበታለን።

ደብተሩን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። ያ አሥራ አንድ ገጹ ነው። ቀሪው ገጽ ባዶ ነው። እዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ተራ ለመግባት የምትፈልጉ ከአሥራ ሁለተኛው ገጽ ጀምራችሁ ስማችሁንና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ እናቶች ለእኔ ንገሩኝ፤ እጽፍላችኋለሁ። የመጀመሪያው ተራ የፊታችን ሐሙስ ነው።